የመርዙን ዕዳ ማን ይክፈል? የአሜሪካ ሱፐርፈንድ ታሪክ

ፋብሪካ ተዘግቶ ሠራተኛው ሲበተንና ማሽኑ ተነቅሎ ሲሸጥ፣ መሬቱ ውስጥ የሰረገው መርዝ ግን ቦታውን አይለቅም። ባለቤቱ ከስሮ ወይም ስሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱን የገዛው ሰው የቀደመውን ታሪክ ላያውቅ ይችላል፤ ኬሚካሉ የተጣለበት ዘመን ደግሞ መጣሉን የሚከለክል ሕግ ያልነበረበት ሊሆን ይችላል። ታዲያ የማጽጃውን ወጪ ማን ይሸፍን? አሜሪካ ለዚህ ጥያቄ ከ40 ዓመት በላይ የተለያየ መልስ ስትሰጥ ኖራለች። ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቁርጥራጩን ነው፦ ላቭ ካናል የሚባለውን ሰፈር፣ «የበከለ ይክፈል» የሚለውን መርሕ፣ ሱፐርፈንድ የሚለውን ስም። በክርክር ላይም የመንግሥት ገንዘብና የበካዩ ተጠያቂነት አንዱ የሌላው ምትክ ተደርገው ይቀርባሉ፤ መንግሥት ከከፈለ በካዩ አመለጠ፣ በካዩ ከከፈለ የመንግሥት ገንዘብ አያስፈልግም ይባላል። ታሪኩን ከመነሻው የተከተለ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው። በካዩ የሚከፍለው፣ መንግሥት እሱን ሳይጠብቅ ሥራውን መጀመር የሚያስችል ገንዘብ በእጁ ሲኖር ነው። ይህን የሚያስረዱትን ዘመናት በቅደም ተከተል እንያቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1942–1953፦ በ1 ዶላር የተላለፈው ቦይ

ዊልያም ላቭ የሚባል ነጋዴ በ1890ዎቹ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በናያጋራ ፎልስ፣ የወንዙን ውሃ ጠልፎ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። ገንዘብ አጥሮት ሥራው ሲቋረጥ ከዕቅዱ የተረፈው ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ከ1942 ጀምሮ ሁከር ኬሚካል የተባለው ኩባንያ ይህን ጉድጓድ የፋብሪካ ዝቃጭ መጣያ አደረገው፤ በአሥር ዓመት ገደማ ጊዜም ወደ 21,000 ቶን የሚጠጋ ኬሚካል ጣለበትና በሸክላ አፈር ከደነው። በዚያን ጊዜ ይህ የሚያስጠይቅ ድርጊት አልነበረም። እንዲያውም የአካባቢው መሬት ፈሳሽ በቀላሉ የማያሳልፍ ሸክላ በመሆኑ፣ ቦታው ለመጣያ የሚመች ተደርጎ ይታይ ነበር።

በ1953 ኩባንያው መሬቱን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር አስተላለፈ። በውሉ ላይ መሬቱ በኬሚካል ዝቃጭ መሞላቱ ተጽፏል፤ ወደፊት ለሚደርስ ጉዳት ኩባንያው እንደማይጠየቅም ተጨምሯል። ቦርዱ እዚያው ትምህርት ቤት ሠራ፤ በዙሪያው መኖሪያ ቤቶች በቀሉ፤ መንገድና የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ የሸክላው ክዳን ተነካካ። እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? ኩባንያው «አስጠንቅቄያለሁ» ይላል። ቦርዱ እያወቀ ተቀብሏል። ከተማው እየቆፈረ አልፏል። ቤት ሠሪው ሸጦ ሄዷል። ከኩባንያው ይልቅ የትምህርት ቦርዱን ተወቃሽ የሚያደርጉ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ግን ይህ ክርክር መኖሩ ራሱ አንድ ነገር ያስረዳል። ተጠያቂው ሦስትና አራት በሆነበት ጉዳይ ፍርድ ቤት ድርሻውን ለይቶ እስኪወስን ዓመታት ያልፋሉ፤ ከመሬት በታች የሚሄደው ፈሳሽ ግን ቀጠሮ አያከብርም።

1976–1980፦ ሕግ ያልነበረው አደጋ

በ1970ዎቹ የጣለው ከባድ ዝናብና በረዶ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ሲያደርገው ኬሚካሉ ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት መዝለቅ ጀመረ። የከተማው ጋዜጣ ከ1976 ጀምሮ ጉዳዩን እየተከታተለ ጻፈ። በኦገስት 1978 የግዛቱ ጤና ኮሚሽነር ሮበርት ዌለን የአደጋ ጊዜ አወጁ፤ ነፍሰ ጡሮችና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ከቦይው አጠገብ ካሉት ቤቶች እንዲወጡ አሳሰቡ። ከአምስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፌዴራል አደጋ አዋጅ አወጡ፤ በተፈጥሮ አደጋ ላልደረሰ ጉዳት እንዲህ ያለ አዋጅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ለቦይው ቅርብ የሆኑ 239 ቤተሰቦች እንዲለቁ ተደረገ። ከእነዚህ ቤቶች ማዶ የቀሩት ግን ምንም አላገኙም። ልጇ በዚያ ትምህርት ቤት ይማር የነበረችው ሎይስ ጊብስ የቤት ባለቤቶቹን ማኅበር እየመራች ሁለት ዓመት ሙሉ ተሟገተች። በሜይ 1980 በነዋሪዎቹ ክሮሞዞም ላይ ጉዳት መታየቱን የሚናገር የመንግሥት ጥናት ሲሰማ፣ የተቆጡት ነዋሪዎች ሁለት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለሥልጣናትን ለሰዓታት አግተው አቆዩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ካርተር ሌላ አዋጅ አወጡ። የጥናቱ አሠራር በሳይንቲስቶች ክፉኛ ተተችቷል። ሕዝቡን ያስነሣው ግን ጥናቱ ብቻ አልነበረም፤ ቤቱን መሸጥም ትቶ መሄድም የማይችል ሰው ሁለት ዓመት መጠበቁ ነበር።

የዚህ ዘመን ቁልፍ ነገር ከዋይት ሐውስ የወጣው ገንዘብ ዓይነት ነው። ለላቭ ካናል የተከፈለው ለጎርፍና ለአውሎ ነፋስ ከተመደበ ገንዘብ ነው፤ ምክንያቱም ለተበከለ መሬት የተመደበ ምንም አልነበረም። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ1970 ጀምሮ አለ። በ1976 የወጣው የደረቅና አደገኛ ቆሻሻ ሕግም ዝቃጭን ከፋብሪካው ደጅ እስከሚወገድበት ቦታ ይከታተላል፤ ግን የሚመለከተው ወደፊት የሚጣለውን ነው። ትናንት ለተጣለው ባለቤት አልነበረውም። በኬንታኪ «የበርሜሎች ሸለቆ» የተባለው ቦታ ላይ በ1979 መርማሪዎች ወደ 17,000 የሚጠጉ የዛጉና የሚያፈስሱ በርሜሎች ቆጠሩ፤ የቦታው ባለቤት ሞቷል፣ የሚከሰስ የለም። በላቭ ካናል ሊከሰስ የሚችለው በዝቶ ነገሩ ተወሳሰበ፤ በኬንታኪ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። የሁለቱ ቦታዎች ችግር የተለያየ ቢሆንም መፍትሔያቸው አንድ ነበር፤ ክሱ እስኪያልቅ ወይም ተከሳሹ እስኪገኝ የማይጠብቅ ገንዘብ።

ዲሴምበር 1980፦ ግብሩና ክሱ

በኖቬምበር 1980 ካርተር በሮናልድ ሬገን ተሸነፉ፤ ሴኔቱም ወደ ሪፐብሊካኖች ሊያልፍ ሆነ። ለተበከለ መሬት ማጽጃ ፈንድ የሚያቋቁመው፣ ሱፐርፈንድ የተባለው ሕግ አዲሶቹ ተመራጮች ከመግባታቸው በፊት ካልጸደቀ እንደማይጸድቅ ግልጽ ነበር። የቨርሞንቱ ሪፐብሊካን ሮበርት ስታፎርድና የዌስት ቨርጂኒያው ዴሞክራት ጄኒንግስ ራንዶልፍ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቅ የነበረውን ረቂቅ ቀነሱት፤ ለተጎጂዎች በቀጥታ ካሳ የሚሰጠውን ክፍል አወጡ፤ በመጨረሻ በአምስት ዓመት 1.6 ቢሊዮን ዶላር በሚል ተስማሙ። ካርተር ዲሴምበር 11 ቀን ፈረሙበት። በጥድፊያ የተጻፈ መሆኑ ከብዙ አንቀጾቹ ይታወቃል። የገንዘቡ አደረጃጀት ግን በደንብ የታሰበበት ነበር።

ከፈንዱ ገንዘብ ስምንት እጅ ሰባቱ የሚመጣው ከልዩ ግብር ነው። ግብሩ በድፍድፍ ነዳጅና በ42 ኬሚካሎች ላይ ተጣለ፤ የአብዛኛው መርዛማ ዝቃጭ ጥሬ ዕቃ እነዚህ ስለሆኑ፣ ከፋዮቹም ጥቂት በመሆናቸው ለመሰብሰብ ስለሚያመች ነው። በአንድ በርሜል ድፍድፍ ላይ መጀመሪያ የተጣለው ከአንድ ሳንቲም በታች ነበር። ከግብሩ ጎን የቆመው ተጠያቂነት ነው። ቦታውን ዛሬ የያዘው፣ ዝቃጩ ሲጣል ይዞት የነበረው፣ ያመነጨውና ለመጣያው ቦታውን መርጦ ያጓጓዘው፣ ጥንቃቄ አድርጎም ቢሆን፣ ድርጊቱ ከሕጉ በፊት የተፈጸመ ቢሆንም እንኳ ይጠየቃል። ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ቢገኝ የሁሉንም ዕዳ ሊሸከም ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ሕግ አውጪዎቹ በድርድሩ ከጽሑፉ አውጥተውት ነበር፤ በ1983 በኬም-ዳይን ጉዳይ በኦሃዮ የተቀመጠ ፌዴራል ፍርድ ቤት በትርጓሜ መለሰው።

ግብሩንና ተጠያቂነቱን የሚያያይዘው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኤጀንሲው አንድን ኩባንያ እንዲያጸዳ ሲያዝ፣ ኩባንያው ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ፣ መንግሥት በፈንዱ ገንዘብ ራሱ አጽድቶ ወጪውን ያስመልሳል፤ በዚያ ላይ እስከ ወጪው ሦስት እጥፍ የሚደርስ መቀጮ ሊያስፈርድበት ይችላል። ይህ ማስፈራሪያ የሚሠራው መንግሥት በእርግጥ ቆፍሮ ማጽዳት ሲችል ነው። ካዝናው ባዶ መሆኑን ያወቀ ኩባንያ ጠበቃ ቀጥሮ ጊዜ መግዛት ይሻለዋል፤ የሦስት እጥፉ ሒሳብ የሚጀምረው መንግሥት ገንዘብ ካወጣ በኋላ ነውና።

የነዳጅና የኬሚካል ኩባንያዎች ያኔ ያነሡት፣ ዛሬም የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። ንጹሕ ሆኖ የኖረ ኩባንያ ሌላው ላበላሸው ለምን ግብር ይከፍላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ወራሽ ያጣው ቦታ በአንድ ሰው ኪስ መጽዳቱ አይቀርም፤ ያለው ምርጫ ዘርፉ ይክፈል ወይስ ሁሉም ግብር ከፋይ የሚለው ነው። ዘርፉ በጠቅላላ ለአሥርት ዓመታት የማስወገጃ ወጪ በምርቱ ዋጋ ውስጥ ሳያስገባ አትርፏል፤ መምህሯና አውቶቡስ ነጂው ግን ከዚያ ትርፍ አልተካፈሉም። የነዳጅ ኩባንያዎች ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ሕጉ ነዳጅን ራሱን ከአደገኛ ንጥረ ነገሮች ትርጓሜ ውጭ አድርጎታል፤ ማለትም ድፍድፍና ቤንዚን የፈሰሰበት መሬት በዚህ ሕግ አያስከስስም። «በሕጉ ለማንጠየቅበት ነገር ግብር እንከፍላለን» የሚለው ስሞታቸው እዚህ ላይ ይመሠረታል። እኔ ግን በተቃራኒው አየዋለሁ። ወደ ኋላ ሄዶ ከሚይዝ፣ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ከሚጭን ተጠያቂነት በበርሜል ከአንድ ሳንቲም ባነሰ ክፍያ ነፃ መውጣት ርካሽ ግዢ ነው።

1981–1986፦ ገንዘብ ኖሮ እጅ ሲታሰር

ሕጉን የሚያስፈጽሙት ሕጉን የማይወዱ ሰዎች ሆኑ። የሬገን ተሿሚ አን ጎርሰች የኤጀንሲውን በጀት ቀነሱ፤ የፈንዱም ገንዘብ በቁጠባ ይወጣ ጀመር። ኮንግረስ የሱፐርፈንድ ሰነዶችን ሲጠይቅ አላስረክብም በማለታቸው በዲሴምበር 1982 የተወካዮች ምክር ቤት ኮንግረስን በመድፈር ወነጀላቸው። የፈንዱ ኃላፊ ሪታ ላቬል በፌብሯሪ 1983 ተባረሩ፤ ኋላም ለኮንግረስ ሐሰተኛ ቃል በመስጠት ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ጎርሰች በማርች ሥልጣን ለቀቁ፤ የኤጀንሲው የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት ዊልያም ራክልስሀውስ ተመልሰው ስሙን እንዲያድሱ ተጠሩ። ይህ ዘመን ለክርክሬ የማይመች ማስረጃ እንደያዘ አልክድም፤ ገንዘቡ ነበር፣ ሥራው ግን አልነበረም። ገንዘብ ብቻውን አያጸዳም።

ቅሌቱ በተጧጧፈበት ሰሞን የታይምስ ቢች ጉዳይ መጣ። በሚዙሪ የምትገኘው ይህች ትንሽ ከተማ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጥርጊያ መንገዶቿ አቧራ እንዳይነሣ ያገለገለ ዘይት አስረጭታ ነበር፤ ዘይቱ ግን ከፋብሪካ ዝቃጭ የመጣ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ተቀላቅሎበት ኖሯል። በዲሴምበር 1982 ምርመራው ሲካሄድ የሜራሜክ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። በፌብሯሪ 1983 መንግሥት ከ2,000 በላይ ሕዝብ የነበራትን ከተማ በሙሉ እንደሚገዛ አስታወቀ፤ ከሱፐርፈንድ ወደ 33 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ከላቭ ካናል ጋር ያለውን ልዩነት ልብ ይሏል። በአንዱ ሰፈር ሰዎች ሁለት ዓመት ተሟግተው ባለሥልጣን እስከማገት ደረሱ፤ በሌላው የከተማዋ መገዛት ምርመራው ከተደረገ በሳምንታት ውስጥ ተወሰነ። በመካከላቸው የገባው ለውጥ የፈንዱ መኖር ነው። አፈሩ በ1990ዎቹ ተቃጥሎ ከጸዳ በኋላ ቦታው በ1999 የሕዝብ መናፈሻ ሆነ።

በሴፕቴምበር 1983 ቅድሚያ የሚሰጣቸው ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ በ406 ቦታዎች ተከፈተ። በ1985 መጸው ግን የአምስት ዓመቱ ግብር ጊዜው አለፈ፤ ኮንግረስ በማደሻው ሲከራከር ከዓመት በላይ ሄደ፤ በብዙ ቦታዎችም ሥራ ቀዘቀዘ ወይም ቆመ። በኦክቶበር 1986 የጸደቀው ማሻሻያ ፈንዱን ወደ 8.5 ቢሊዮን ዶላር አሳደገው፤ በትልልቅ ኩባንያዎች ገቢ ላይም አነስተኛ የአካባቢ ግብር ጨመረ። ያ አጭር መቋረጥ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ ያስተዋለው ግን ጥቂት ነው።

1987–1995፦ ጠበቆቹና ባንኮቹ

በ1989 የኤጀንሲው ኃላፊ ዊልያም ራይሊ «መጀመሪያ በካዩን አስገድድ» የሚል አሠራር ዘረጉ። ከዚያ ወዲህ ከማጽዳቱ ሥራ 70 በመቶ ገደማውን በካዮቹ ራሳቸው እየከፈሉ የሚሠሩት ሆነ። ይህን ቁጥር ብዙዎች ፈንዱ እንደማያስፈልግ ማስረጃ ያደርጉታል። ጊዜውን ግን ማየት ያስፈልጋል። ኩባንያዎቹ ወደ ስምምነት የገቡት ፈንዱ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ይዞ፣ «ካልጀመራችሁ እኛ ጀምረን ሦስት እጥፍ እናስከፍላችኋለን» የሚለው ቃል የሚታመን በሆነበት ዘመን ነው።

የሕጉን ስም ያጠቆረው የጠበቆች ድግስ መባሉ ነበር። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ1992 እንዳሳየው፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለሱፐርፈንድ ጉዳይ ካወጡት 88 በመቶው ለክርክር ወጪ ነው የዋለው። ይህ ቁጥር በየንግግሩ ተጠቀሰ። እዚያው ጥናት ውስጥ ያለው ሌላው ቁጥር ግን እምብዛም አይነሣም፤ ትልልቅ የኢንዱስትሪ ኩባንያዎች ዘንድ የክርክሩ ድርሻ 21 በመቶ ነበር። ኢንሹራንሶቹ የተከራከሩት በአብዛኛው ከራሳቸው ደንበኞች ጋር ነው፤ የድሮ ውል ይህን ዕዳ ይሸፍናል አይሸፍንም በሚል። እውነተኛው ግፍ ሌላ ቦታ ነበር። ትልልቅ ኩባንያዎች ሲከሰሱ ዞር ብለው ያንኑ የቆሻሻ መጣያ የተጠቀሙ ሬስቶራንቶችንና ትንንሽ ሱቆችን ዕዳውን እንዲካፈሉ ይከሱ ነበር።

የላቭ ካናል ክስ ራሱ የዘመኑ መለኪያ ነው። ሁከርን በ1968 የገዛው ኦክሲደንታል ፔትሮሊየም ለማጽጃው ወጪ ተጠያቂ መሆኑን ፌዴራል ዳኛ የወሰነው በ1988 ነው። ኩባንያው በ1994 ለኒው ዮርክ ግዛት 98 ሚሊዮን፣ በ1995 ለፌዴራል መንግሥት 129 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የበከለ ከፈለ፣ እውነት ነው፤ ግን ከመጀመሪያው አዋጅ 17 ዓመት በኋላ። በዚያ መካከል የነዋሪዎቹን ቤት የገዛው፣ ቦይውን የከደነውና ፈሳሹን የሰበሰበው የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ክሱም ያንኑ ገንዘብ ማስመለሻ ሆነ።

ሕጉ ማንም ያላሰበው ጉዳትም አደረሰ። የዛሬ ባለቤት ለትናንት ብክለት ስለሚጠየቅ፣ የከተማ መሐል አሮጌ ፋብሪካ መግዛት የሚደፍር ጠፋ። በ1990 በፍሊት ፋክተርስ ጉዳይ የተሰጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ አበዳሪ ባንክም ሊጠየቅ እንደሚችል ሲያመለክት ብድሩ ጭራሽ ደረቀ። ባለሀብቱ ከከተማ ወጥቶ ንጹሕ የእርሻ መሬት ላይ መገንባት መረጠ፤ በክሊቭላንድና መሰል ከተሞች ብዙ ፋብሪካዎች ተዘግተው ታጥረው ቀሩ። አብዛኞቹ እንደ ላቭ ካናል የከፉ አልነበሩም፤ ያስፈራው በውስጣቸው ያለው ነገር ሳይሆን አለመታወቁ ነው። ኤጀንሲው በ1993 በክሊቭላንድ አካባቢ በ200,000 ዶላር የጀመረው ሙከራ በዚህ ፍርሃት ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ ገንዘቡ በመጀመሪያ መሬቱን ለመመርመር፣ ምን እንዳለበት ለማወቅ ይሰጣል። ብራውንፊልድ የተባለው ፕሮግራም ከዚህ በቀለ።

1995–2020፦ ካዝናው ሲደርቅ

በ1994 ሕጉን ለማሻሻል የተደረገው ሙከራ ከሸፈ፤ በዓመቱ ኮንግረስን የያዙት ሪፐብሊካኖች ሕጉ ካልተሻሻለ ግብሩ አይታደስም አሉ። ማሻሻያው አልመጣም፤ ግብሩም ዲሴምበር 31 ቀን 1995 አለፈ። ማንም ፕሮግራሙን አልሰረዘውም፤ ቢሰርዘው ጩኸት ይነሣ ነበር። በ1996 ያልተመደበ 3.8 ቢሊዮን ዶላር የነበረበት ፈንድ በ2003 መጨረሻ ተሟጠጠ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ኮንግረስ በየዓመቱ ከጠቅላላው ግብር በሚመድብለት ብቻ ሆነ። በመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት ስሌት፣ የዋጋ ንረቱ ተስተካክሎ፣ ዓመታዊው ምደባ በ1999 ከነበረበት 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2013 ወደ 1.1 ቢሊዮን ወረደ። የማጽጃ ግንባታቸው የተጠናቀቀ ቦታዎች በ1999 ከ80 በላይ ነበሩ፤ በ2013 ግን 14 ብቻ።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ቀላሎቹ ቦታዎች አስቀድመው አልቀው ከባዶቹ ስለቀሩ እንጂ ገንዘብ ስላነሰ አይደለም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ የወንዝ ዝቃጭና የአሮጌ ማዕድን ቦታዎች ከአንድ የበርሜል ክምር ይልቅ ጊዜ ይፈጃሉ። ነገር ግን የኤጀንሲው የራሱ ዋና መርማሪ በ2003 በጀት ዓመት ብቻ ወደ 175 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት አግኝቷል፤ ለመጀመር ዝግጁ ሆነው ገንዘብ የሚጠብቁ ቦታዎችም ይከማቹ ጀመር። ሥራው ከባድ መሆኑ ገንዘቡ እንዲጨምር ምክንያት ነው እንጂ እንዲቀንስ አይደለም። ለእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪዎች ሕጉ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው፤ በመዝገብ ተጽፈዋል፣ ዕቅዱ ጸድቋል፣ ቁፋሮው የለም።

የሀድሰን ወንዝ ጉዳይ ክርክሬን የሚያፈርስ ሊመስል ይችላል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ከሁለት ፋብሪካዎቹ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ወደ 1.3 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ወንዙ ለቋል፤ ከ2009 እስከ 2015 በራሱ ወጪ የወንዙን ወለል አስቆፈረ፤ ፈንዱ ባዶ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ግን ወንዙ መዝገብ የገባው በ1984 ነው፤ ቁፋሮው የጀመረው ከሩብ ምእተ ዓመት በኋላ። ኩባንያው በመካከሉ ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ተሟግቶ በ2010 ተረታ። ይህን ያህል ቆይቶም መክፈል የቻለው ግዙፍና ባለጸጋ ስለሆነ ነው። በሞንታና የምትገኘው ሊቢ ከተማ ተቃራኒውን ታሳያለች። የዳብልዩ አር ግሬስ ማዕድን ማውጫ ሕዝቡን ለአስቤስቶስ አጋልጦ ነበር፤ መንግሥት በ1999 ገብቶ በራሱ ገንዘብ ማጽዳት ጀመረ፤ ኩባንያው በ2001 የመክሰር ጥበቃ ጠየቀ። በ2008 መንግሥት 250 ሚሊዮን ዶላር ያስከፈለው ያወጣውን ሒሳብ ይዞ ስለቀረበ ነው። ክሱን አስቀድሞ ቢጠብቅ ኖሮ የሚሟገተው ከከሰረ ኩባንያ ጋር በሆነ ነበር።

በዚህ ደረቅ ዘመን ያደገው ብራውንፊልድ ነው። ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በጃኑዋሪ 2002 በፔንሲልቬንያ የፈረሙት ሕግ ትንንሽ ነጋዴዎችን ከክሱ አላቀቀ፤ አጣርተው ለሚገዙ ከለላ ሰጠ፤ ለምርመራና ለማጽዳት በዓመት እስከ 200 ሚሊዮን፣ ለግዛቶች ፕሮግራም 50 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በአገሪቱ የብራውንፊልድ ቦታ ከ450,000 በላይ እንደሚሆን ይገመታል። የሕዝብ ገንዘብ ለግል አልሚ መደጎሚያ ሆነ የሚሉ አሉ። የሚሰጠው ገንዘብ በአብዛኛው አነስተኛ ስለሆነና ባለሀብቱ ሊያውቅ የማይደፍረውን ስለሚያሳውቅ ተቃውሞው አያሳምነኝም። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። የኤጀንሲው ስሌት አንድ ዶላር ወደ 20 የሚጠጋ ሌላ ገንዘብ ይስባል ይላል፤ ያ 20 ዶላር የሚመጣው ግን መሬት በሚወደድበት ሰፈር ነው። ገዢ በሌለበት የማዕድን ከተማ ብራውንፊልድ የሱፐርፈንድን ቦታ አይተካም።

መዝገብ መግባት የሰፈርን ስም ያጠፋል የሚል ተቃውሞም ተነሥቷል። በ2010 በብሩክሊን የሚገኘው የጎዋነስ ቦይ መዝገብ ሊገባ ሲል ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ የመሬት ዋጋ ይወድቃል፣ አልሚው ይሸሻል ብለው ተቃወሙ። ቦይው ገባ፤ ግንባታው አልሸሸም፤ ቁፋሮው በ2020 ተጀመረ። ጠንከር ያለው ጥርጣሬ ከኢኮኖሚስቶች የመጣው ነው። ማይክል ግሪንስቶንና ጀስቲን ጋላገር በ2008 ባወጡት ጥናት ማጽዳቱ የአካባቢውን ቤቶች ዋጋ እምብዛም አላሳደገም፤ ታዲያ ወጪው ያዋጣል ወይ? ይሁን እንጂ ራሱ ግሪንስቶን ከጃኔት ከሪና ከኤንሪኮ ሞሬቲ ጋር በ2011 ሌላ ነገር ለካ። በአምስት ትልልቅ ግዛቶች፣ ከቦታዎቹ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩ እናቶች፣ ማጽዳቱ አብሮ የሚወለድ የአካል ጉድለትን ከ20 እስከ 25 በመቶ ቀነሰ። የቤት ዋጋ ገዢው የሚያውቀውን ነው የሚለካው፤ ያልተወለደ ልጅ ጤና በዋጋው ውስጥ አልገባም።

2021–2024፦ ግብሩ ሲመለስ

በኖቬምበር 2021 የጸደቀው የመሠረተ ልማት ሕግ ለሱፐርፈንድ 3.5 ቢሊዮን፣ ለብራውንፊልድ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ፤ የኬሚካሉንም ግብር በእጥፍ ከፍ አድርጎ ከጁላይ 2022 ጀምሮ መለሰ። በወሩ ኤጀንሲው 1 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ገንዘብ በማጣት ቆመው የነበሩ 49 ቦታዎች ላይ ሥራ እንደሚያስጀምር አስታወቀ። ቦታዎቹ ያው፣ ሕጉም ያው ነው፤ የመጣው ገንዘብ ብቻ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ የድፍድፉን ግብር በበርሜል 16.4 ሳንቲም አድርጎ፣ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ፣ ማብቂያም ሳይወስንለት መለሰው። አንድ በርሜል 42 ጋሎን ነውና በጋሎን ሲታሰብ ግማሽ ሳንቲም አይሞላም። ነዳጅ ያስወድዳል የሚለውን ሙግት በዚህ ቁጥር መመዘን ይቻላል።

ከመጀመሪያው ዘመን የተለየ አንድ ነገር አለ። አሁን የሚሰበሰበው ግብር ኮንግረስ በየዓመቱ እንዲመድበው ሳይጠበቅ ለኤጀንሲው ይደርሳል፤ በ1980ዎቹ እንዲህ አልነበረም። ሥራው ግን በዚያው ልክ ሰፍቷል። መዝገቡ ላይ ከ1,300 በላይ ቦታዎች አሉ። በ2024 ፒፎአና ፒፎስ የተባሉት፣ በእሳት ማጥፊያ አረፋና በማይጣበቁ ዕቃዎች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉ ኬሚካሎች በሕጉ አደገኛ ተብለው ተመዝግበዋል፤ የጦር ሰፈሮችና የውሃ ድርጅቶች ጭምር ወደ ክርክሩ ገብተዋል። የኬሚካሉ ግብር ገቢ በበኩሉ ከግምጃ ቤቱ ትንበያ በታች ሆኗል።

ኮንግረስም የለመደውን አልተወም። ግብሩ መግባት ሲጀምር፣ የ2024 በጀት ለሱፐርፈንድ ይመድበው የነበረውን 1.28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 538 ሚሊዮን ቀነሰው፤ የተረፈውን ግብሩ ይሸፍነዋል በሚል። የኬሚካሉ ግብር ራሱ፣ ካልታደሰ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2031 ያልፋል።